በስብከት እሁድ የሳቅሁት ሳቅ

ባለፈው ታኅሣሥ ዘመድ ልጠይቅ እንጅባራ ሄጄ ከሚኒባስ ስወርድ፣ መነኻሪያው አጥር ሥር አንዲት ሴት ተልባ ስትቆላ ደረስሁ። ተልባ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ከዚያ ይንጣጣል፤ ሽታው የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ሽታ ሌላውን ሰው ያስርበው ይሆናል። እኔን ግን መጀመሪያ ደረቴን ጨብጦ ይይዘኛል፤ ቆየት ብሎ ይለቀኛል። ሴትዮዋ ገዢ መስዬያት "ስንት ጣሳ ላድርግልዎ እማማ?" አለችኝ። መልስ ሳልሰጣት፣ ሻንጣዬን እንዳንጠለጠልሁ፣ እስኪለቀኝ ቆሜ ጠበቅሁ።

ይህ ሽታ የገባብኝ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ቤታችን ከጥርባ ሐይቅ ወዲህ ካለው ቁልቁለት ላይ፣ በቀርከሃ አጥር የተከበበ ነበር። እናቴ የዚያው አገር ሰው፣ አገው ናት። አባቴ ከዳንግላ የመጣ፣ ከአማርኛ በቀር ብዙም የማይሰማ ሰው ነው። ስለዚህ በእኛ ቤት ሥራና ቁም ነገር በአማርኛ ይነገር ነበር፤ እናቴ ስትጨነቅ ግን በአገውኛ ነበር የምትናገረው። እኔና ታናሽ ወንድሜ ምንይችል ሁለቱንም እንሰማ ስለነበር ከእኛ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። እሱ አምስት ዓመቱ ነበር።

ያ ዓመት ጾም የያዝሁበት የመጀመሪያ ዓመት ነው። ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ እስከ ገና የሚጾመው ጾም የነቢያት ጾም እንደሚባል ሰምቻለሁ፤ ትርጉሙን ግን የደረስሁበት በራሴ ነው። በሐዘን ቤት ቅቤ አይቀቡም፤ እናቴም ጾም ሲገባ የቅቤውን ቅል ቆጥ ላይ ትሰቅለዋለች። በሐዘን ቤት ዘፈን የለም፤ በጾምም ሰርግ የለም። ነቢያት የሚባሉት ሰዎች በዚህ ወር ሞተው ነው፣ እኛም ለቅሶ ላይ ነን ብዬ ደመደምሁ። ብዙ ሰው እንደሞተም ገባኝ፤ ለአንድ ሰው ይህን ያህል ቀን አይለቀስማ። የማላውቃቸው ሰዎች ቢሆኑም እንዳቅሜ አዘንሁላቸው። ከሰዓት በኋላ እስኪደርስ ሳልበላ፣ ፊቴን አጨፍግጌ እዞር ነበር፤ የጎረቤት ሴቶችም "እንዴት ያለች ጾመኛ ልጅ" እያሉ ያደንቁኝ ጀመር።

ከገና በፊት ካሉት ሦስት እሁዶች የመጀመሪያው ስብከት ይባላል። ቀጣዩ ብርሃን፣ የመጨረሻው ኖላዊ ነው። በስብከት እሁድ እናቴ ትንሽ አሟት ስለነበር እኔና ምንይችል ከጎረቤታችን ከእማማ ጠጄ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እማማ ጠጄ ባላቸው የሞተባቸው፣ ንጹሕና ቁጡ ሴት ነበሩ። እሾህ የሚነቅሉበትን ወረንጦ በማተባቸው ላይ አንጠልጥለው ይዞራሉ፤ በመንደሩ እሾህ የወጋው ልጅ ሁሉ እያለቀሰ የሚሄደው እሳቸው ጋ ነው።

ከቅዳሴ በኋላ የሰበኩት የንስሐ አባታችን መምሬ ዳኘው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብርድ የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ዕለት ጠዋት አመዳዩ ሣሩን አንጥቶት ስለነበር ጉንፋን ይዟቸዋል። በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘው፣ "ነቢያት በጨለማ ተቀምጠው ብርሃንን ይጠብቁ ነበር" ሲሉ አስነጠሳቸው። እንዲያ ያለ ማስነጠስ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ጥምጥማቸው ከግንባራቸው ተንሸራቶ እስከ አፍንጫቸው ወረደ። ሁለቱም እጃቸው ስለተያዘ ሊመልሱት አልቻሉም። ትንሽ ዝም አሉና ከጥምጥሙ ውስጥ ሆነው ቀጠሉ፤ "በጨለማም ቢሆኑ ተስፋ አልቆረጡም።"

ምንይችል እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት። ሳቁ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬን ሲያልፍ ይሰማኛል፤ አፌን በሁለት እጄ ብይዘውም በአፍንጫዬ ወጣ። ዝም ባለ ጉባኤ መካከል ወጣ። እማማ ጠጄ ክንዴን እስኪጠቁር ቆነጠጡኝና በጆሮዬ እንዲህ አሉኝ፤ "በጾም የሳቀ በገና ያለቅሳል።"

ወደ ቤት ስንመለስ እማማ ጠጄ ከሴቶች ጋር ወደ ኋላ ቀሩ። ቁልቁለቱን እንደወረድን ምንይችል ነጠላዬን ቀምቶ ራሱ ላይ ጠመጠመው፤ ዓይኑ ላይ አወረደና "በጨለማም ቢሆኑ!" አለ። ሜዳው ላይ እስክንወድቅ ሳቅን። ተነሥተን ስንሮጥ፣ ስንወድቅ፣ ደግሞ ስንሮጥ ውሃ ጠማው። ምንጩ ከሁለት ማሳ ማዶ ነው፤ ከብቶች የሚጠጡበት ኩሬ ግን እግራችን ሥር ነበር። ከኩሬ እንዳንጠጣ እናቴ አስጠንቅቃናለች። ለምን እንደሆነ አልነገረችንም፤ እኔ ከብቶቹ ስለሚሸኑበት ይመስለኝ ነበር። ምንይችል በሆዱ ተኝቶ አፉን ውሃው ላይ አድርጎ ሲጠጣ ዳር ቆሜ ነጠላዬን ስጠመጥም ነበር። እየሳቀ ነበር የጠጣው።

ከሳምንት በኋላ አፍንጫው ደማ። ልጅ ነው፣ ፀሐይ መትቶት ነው ተባለ። በማግሥቱ ሲያስለው ምራቁ ቀይ ሆነ። እናቴ ምራቁን በመዳፏ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከኩሬ ጠጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

እኔ የመሰለኝ ጥፋተኛ እየፈለገች ነው። ኩሬውን ብናገር ሩጫው ይመጣል፤ ሩጫው ሳቁን ያመጣል፤ ሳቁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተደረገውን ያወጣል። "ከምንጩ ነው የጠጣው" አልኋት። ምንይችልንም በጣቴ ነካ አደረግሁት። እሱም "ከምንጩ" አለ።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ታናሽ ወንድሟ ደም እየተፋ፣ ከዓመት በታች ቆይቶ በሳንባ ነቀርሳ ሞቶባታል። ያን በሽታ መልኩን አውቀዋለሁ ብላ ታምን ነበር። በዚያው ቀን ከትልቁ ቤት ጀርባ ያለችውን የጥጃ ጎጆ ጠርጋ ቁርበት አነጠፈችና ከምንይችል ጋር እዚያ ገባች። በሽታው ወደ እኔ እንዳይተላለፍ ወደ ጎጆዋ እንዳልጠጋ ተከለከልሁ። አባቴ ዳንግላ ሄዶ በጠርሙስ ቀይ የሳል መድኃኒት ይዞ መጣ። መድኃኒቱ አለቀ፣ ደሙ አላቆመም።

የቤቱ ሥራ ከእኔ ላይ ወደቀ። እንጀራውን እማማ ጠጄ ይጋግሩልናል፤ ማባያው ግን የእኔ ነበር። በየቀኑ ተልባ እቆላለሁ፣ እወቅጣለሁ፣ በውሃ በጥብጬ ለአባቴ አቀርባለሁ። መጀመሪያ ላይ አሳርረው ነበር፤ አባቴ ምንም ሳይል ይበላዋል። ከተልባው ላይ ቀና ስል የጎጆዋ የቀርከሃ ግድግዳ ፊት ለፊቴ ነው። በቀርከሃው መካከል የእናቴ ነጠላ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ሳሉ ይሰማኛል። ሳል እየቆጠርሁ ነበር የምወቅጠው። አንድ ቀን ምንይችል በቀዳዳው ዓይኑን አድርጎ "የሺ፣ የት ሄደሽ ነው?" አለኝ። የሄድሁት የትም አልነበረም።

በሽታውን ያመጣሁት እኔ ለመሆኔ ጥርጣሬ አልነበረኝም። በጾም የሳቀ በገና ያለቅሳል፤ እማማ ጠጄ ነግረውኛል። ገናም እየቀረበ ነው። እንግዲህ የሚያስለቅሰኝ ምን እንደሆነ ታወቀ። ስለዚህ ለማርያም ተሳልሁ፤ ወንድሜን ከተውሽልኝ ጾሙ እስኪፈታ፣ ካስፈለገም ዕድሜዬን ሙሉ፣ አልስቅም አልሁ። ወንዶቹ ለገና ጨዋታ ዱላቸውን እያዘጋጁ በሜዳው ላይ ሲላፉ ፊቴን አዞር ነበር። አባቴ አንድ ማታ ሊያጫውተኝ ብሎ የፈረሳችንን አኳኋን እያስመሰለ ሲያሽካካ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥሁ። እሱም ማስመሰሉን ተወ። ልጆቹ ሁለቱም እንደታመሙበት ያስብ እንደነበር ያጫወተኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ከኖላዊ እሁድ በኋላ ምንይችል መቆም አቃተው። ፊቱ እንደ ሰም ነጣ። አባቴና እናቴ ተማከሩና ወደ ቆላ፣ በፈረስ የሦስት ቀን መንገድ ወዳለ ጠበል ሊወስዱት ቆረጡ። ከእናቴ ጋር እስከ ጥምቀት እዚያው ይቆያል ተባለ። ቅዳሜ ሊነሡ ዓርብ ጠዋት መምሬ ዳኘው ሊባርኳቸው መጡ። ጎጆዋ ገብተው ጸለዩ። ሲወጡ አባቴ ፈረሱን ሊያይ ሄዶ ነበር፤ እኔ ሙቀጫው አጠገብ ነበርሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ጤንነቴን ጠየቁኝ።

መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት ለቅሶ ወጣ። እሳቸው አጠገቤ ያለ ግንድ ላይ ተቀምጠው እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"መምሬ፣ ወንድሜን የገደልሁት እኔ ነኝ" አልኋቸው።

"ወንድምሽ አልሞተም። ምን አድርገሽ ነው?"

"በጾም ሳቅሁ። በእርስዎ ሳቅሁ፤ ጥምጥምዎ ሲወርድ።" አንዴ ከጀመርሁ ወዲያ ማቆም አልቻልሁም። ቁንጥጫውን፣ ነጠላውን፣ ሜዳው ላይ መውደቃችንን፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ዋናው ኃጢአት ሳቁ ስለነበር ሌላውን ለመጨረስ ያህል ብቻ ነው የተናገርሁት፤ ከዚያም እየሳቅን ከኩሬው ጠጣ፣ ከዚያም እየሳቅን ወደ ቤት ገባን አልሁ።

መምሬ ዳኘው እጃቸውን አነሡ። "ቆይ። ከየት ነው የጠጣው?"

"ከኩሬው።"

"እናትሽ ከምንጩ ነው ብላኛለች።"

"ዋሽቻት ነው።"

ቶሎ የማይነሡት ሰውዬ መቋሚያቸውን እንኳ ሳይዙ ተነሡ። ወደ ጎጆዋ ገብተው በአገውኛ ሲናገሩ ሰማሁ። ጉሮሮው ውስጥ አልቅት ሊኖር ይችላል፤ ደሙ የሳንባ ላይሆን ይችላል፤ እኔም በተማሪነቴ ከወንዝ ጠጥቼ አንድ ወር ተሸክሜዋለሁ አሉ። እናቴ ምንይችልን አቅፋ ወጣች፤ ፀሐይ ላይ ስታየው ዓይኗን ጨፈነች።

ከዚያ በኋላ ግቢው ሞላ። እማማ ጠጄ ተጠሩ። መምሬ ምንይችልን ጨው ያለበት ቆሎ እንዲያኝክ አደረጉት፣ ውሃ ግን ከለከሉት። ሲያለቅስም አልሰጡትም። ጥማቱ ሲጠና አባቴ ጭኑ ላይ በደረቱ አስተኛው፤ ፊቱ ወደ ፀሐይ፣ አፉ እንደተከፈተ፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ የሞላ ገበቴ። አልቅት ውሃ ሲሸተው ይወጣል አሉ መምሬ። ሁላችንም እዚያ ትንሽ አፍ ላይ አፍጥጠን ቀረን። ፀሐይዋ እስከ ጉሮሮው ገብታ ነበር።

"አየሁት" አሉ እማማ ጠጄ በቀስታ።

ከምላሱ ጀርባ አንድ ጥቁር ነገር ተንቀሳቀሰ። ጫፉን ወደ ውሃው ዘረጋ። እማማ ጠጄ ወረንጦአቸውን ሲያስገቡ ምንይችል አሳለውና ተመልሶ ገባ። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እንደገና ጠበቅን። ገበቴው ውስጥ ያለው ውሃ ሞቀና አባቴ በሌላ ቀዝቃዛ ውሃ እንድቀይረው ላከኝ። ውሃውን ይዤ ስመለስ እማማ ጠጄ ጣቶቻቸውን አመድ ውስጥ ነክረው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ጎንበስ ብለዋል። ሁለተኛ ሲወጣ በወረንጦ ያዙት፤ ሲንሸራተት በአመዳሙ ጣታቸው ደገፉት፤ ሳይቸኩሉ፣ እሾህ እንደሚነቅሉ ሁሉ፣ ሳቡት። የአባቴን ትንሽ ጣት ያህላል። ድንጋይ ላይ ወረወሩትና ተረከዛቸውን ጫኑበት።

"ሂድ ወደዚያ!" አሉና ሳቁ። እማማ ጠጄ ሲስቁ ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ ወፍራም የወንድ ሳቅ ነበራቸው።

ምንይችል ደም ቀላቅሎ ሁለት ሦስቴ ተፋ። ከዚያ ምራቁ ነጣ። ከዚያ ውሃ ስጡኝ አለ፤ ሰጡት። ገበቴውን በሙሉ ጠጣው።

ሰዉ ሁሉ ሲነጋገር፣ አባቴ ሰውን ሁሉ እያቀፈ ሲያመሰግን፣ እኔ ወደ መምሬ ዳኘው ተጠጋሁ። የሳቁን ነገር አልፈረዱልኝም ነበርና አላረፍሁም።

"መምሬ፣ ሳቁስ?"

"የቱ ሳቅ?"

"ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሳቅሁት።"

ዙሪያቸውን ካዩ በኋላ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ። "እኔም ስቄ ነበር" አሉኝ። "ጥምጥሙ ውስጥ ስለነበርሁ ማንም አላየኝም።"

ያን ጊዜ ሳቄ አመለጠኝ። ስእለቴን አስታውሼ አፌን ያዝሁ፤ ስለ ስእለቱም ነገርኋቸው። አባት ስለሆኑ ሊፈቱልኝ ይችላሉ፤ ፈቱልኝ። ነቢያት የሞቱት በየትኛው ቀን እንደሆነ የጠየቅኋቸውም ያን ጊዜ ነው። ግራ ገባቸው። ያሰብሁትን ሁሉ ነገርኋቸው።

"የሺ፣ እናትሽ የምትወደው እንግዳ ሊመጣ ነው ሲባል ምን ታደርጋለች?"

"ቤት ትጠርጋለች። ግቢውንም።"

"እያለቀሰች?"

"አይ። እያንጎራጎረች።"

"እንግዳው እስኪመጣ ትበላለች?"

"ከእሱ ጋር ልብላ ብላ ትጠብቃለች።"

"ይኸው ነው። እኛ የምንጾመው ሞቶብን አይደለም። የሚመጣ ስላለ ነው። ነቢያቱም ደስ እያላቸው ነው የጠበቁት። ባያዩትም እንኳ ደስ እያላቸው።" ከዚያ ድምፃቸው ጠበቅ አለ። "ውሸቱ ግን ሌላ ነው። ሳቅሽ ማንንም አልጎዳም፤ ውሸትሽ ወንድምሽን ሊገድለው ነበር። አሥራ ሁለት ስግደት ትሰግጃለሽ። ለእናትሽም ራስሽ ትነግሪያታለሽ። እኔ አልነግርልሽም።"

ዞር ብዬ እናቴን ፈለግኋት። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ፀሐይ ላይ፣ እንደተቀመጠች እንቅልፍ ወስዷታል። አፏ ትንሽ ተከፍቷል። ከእነዚያ ሁሉ ቀናት በኋላ የተኛችው የመጀመሪያ እንቅልፍ ነው። እማማ ጠጄ ነጠላቸውን አለበሷት። ሰዉ እየተንሾካሾከ ወጣ። መምሬ ዳኘው ግን ቆዩ፤ ዶሮዎች እንዳይቀሰቅሷት በመቋሚያቸው እያባረሩ ከአጠገቧ ተቀመጡ። አባቴ ለመንገዱ ያወጣውን ኮርቻ ወደ ቤት ሲመልስ ቀለበቱ እንዳይንኳኳ በእጁ ይዞት ነበር።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ነቃች። ዓይኗን ከፍታ መጀመሪያ አዳመጠች። ሳል የለም። ፊቷ ሲለዋወጥ አየሁት፤ የሆነውን ረስታ፣ ጸጥታውን ሌላ ነገር አድርጋ እንደተረጎመችው ያን ጊዜ ባይገባኝም፣ ልትጮህ አፏን ስትከፍት ሮጬ በጣቴ ወደ ውድማው ጠቆምሁላት። ምንይችል ገለባው ላይ ተቀምጦ የቀረውን ቆሎ በሁለት ጉንጩ ሞልቶ ያኝክ ነበር። እናቴ አየችው። ደግማ አየችው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች።

ያን ጊዜ ነገርኋት። "እማ፣ ከኩሬው ነው የጠጣው። ስትጠይቂኝ ዋሽቼሻለሁ።" በአገውኛ ነው የነገርኋት፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ጥፊ ስጠብቅ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። "አሥራ አንድ ቀን" አለች በመጨረሻ፤ እኔ ሳል ስቆጥር እሷ ቀን ትቆጥር ነበር። "አሥራ አንድ ቀን ወንድሜን እንደገና ስቀብረው ነበር።" ከዚህ በላይ አልተቆጣችኝም፤ ከዚህ በላይ የከበደኝ ቁጣም አላውቅም።

ተነሥታ ወደ ጎጆዋ ገባች። ቁርበቱን ጠቅልላ በብብቷ፣ ጋቢውን በትከሻዋ አድርጋ ወጣችና ወደ ትልቁ ቤት ሄደች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። እኔ አሁንም ሙቀጫው አጠገብ ቆሜ ነበር።

"ምን ትቆሚያለሽ?" አለችኝ። "ነይ፣ ያዥልኝ።"

ሄጄ የጋቢውን ጫፍ ያዝሁላት። ስታቀብለኝ እጄን ነካችው፤ አልለቀቀችውም። በሁለት መዳፏ መካከል አድርጋ እያሸች፣ "እንዴት ነው እንዲህ የቀዘቀዝሽ ልጄ?" አለች፤ ይዛኝም ገባች።